አጭሩ ይደርሳል፣ ረጅሙ ስፓም ይገባል፦ የአማርኛ ኢሜይልና የዲኪም ፊርማ በራስ ሰርቨር ላይ

የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ያቆመ፣ ጣና ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እናስብ። «ሰላም፣ ሙከራ ነው» ተብሎ የተላከው ኢሜይል ጂሜይል ላይ ያለ ችግር ይገባል። የክፍሉ ዓይነት፣ የመግቢያው ቀን፣ ወደ ዘጌ ገዳማት የምትሄደው ጀልባ የምትነሳበት ሰዓት በአማርኛ ተዘርዝሮ ከድረ ገጹ ፎርም የሚላከው ማረጋገጫ ግን ስፓም ውስጥ ይወድቃል፤ ሲብስም ይመለሳል። ያው ማረጋገጫ በእንግሊዝኛ ሲላክ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው እጁን የሚሰደው ወደ ኤስፒኤፍ ሪከርድ ነው፤ በዶሜይኑ ስም የትኞቹ ሰርቨሮች እንዲልኩ እንደተፈቀደ በዲኤንኤስ (በኢንተርኔቱ የስም ማውጫ) ላይ የሚጻፈው ማለት ነው። ሪከርዱ ትክክል ስለሆነ ስንት ጊዜ ቢጽፉት ለውጥ የለውም።

ከመነካካት በፊት ማንበብ ይቀድማል። ኢሜይሉ ተመልሶ ከሆነ ሎጉ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ጂሜይል 5.7.26 ካለ ላኪው ማንነቱን አላረጋገጠም ማለቱ ነው፤ 5.7.25 ካለ ችግሩ የአይፒው የተገላቢጦሽ ስም፣ ማለትም ፒቲአር ነው። በ4 የሚጀምር መልስ ጊዜያዊ ስለሆነ ኢሜይሉን የሚያደርሰው ፕሮግራም ፖስትፊክስ ቅንብሩ ካልተነካ እስከ 5 ቀን ራሱ እየደጋገመ ይሞክራል። በ5 የሚጀምረው አለቀለት፤ ምክንያቱ ሳይስተካከል ደግሞ መላክ ጥቅም የለውም። ኢሜይሉ ደርሶ ስፓም ከገባ ደግሞ በጂሜይል ሦስት ነጥቦች ሥር ዋናውን መልእክት የሚያሳየውን ምርጫ ከፍታችሁ «ኦተንቲኬሽን ሪዘልትስ» የሚለውን ሄደር (የራስጌ መስመር) ፈልጉ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም (ሰርቨሩ ኢሜይሉ ላይ የሚያኖረው ዲጂታል ፊርማ) እና ዲማርክ (ሁለቱን ከሚታየው ላኪ ጋር የሚያገናዝበው ደንብ) ማለፍ አለማለፋቸው፣ ያላለፈው ለምን እንዳላለፈ ጭምር እዚያ ተጽፏል። (የትዕዛዝና የቅንብር ስሞችን እዚህ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል እንደሚገቡ ግልጽ ነው።)

ፒቲአሩን ቶሎ እንጨርሰው። የሚቀመጠው ዶሜይኑ የሚተዳደርበት ፓነል ላይ ሳይሆን አይፒውን በሰጠው ድርጅት ዘንድ ነው። 203.0.113.25 ሲጠየቅ «ሜል.ምሳሌ.ኢቲ» ማለት አለበት፤ «ሜል.ምሳሌ.ኢቲ» ሲጠየቅም መልሶ 203.0.113.25 ማለት አለበት። ፖስትፊክስ ሰላምታ ሲሰጥ የሚጠራው ስምም ይኸው ቢሆን ይመረጣል። ባህር ዳር ውስጥ በተራ የቢሮ ወይም የቤት መስመር ላይ የተቀመጠ ሰርቨር በቀጥታ ለጂሜይል እንዲልክ አንመክርም። አይፒው የሚቀያየር ከሆነ፣ ወይም ራውተሩ በ100.64 የሚጀምር የጋራ አድራሻ ካሳየ፣ ፒቲአር የሚባል ነገር አይታሰብም፤ እንዲህ ያሉ አድራሻዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ስፓምሃውስ ፒቢኤል በሚባለው፣ በቀጥታ ኢሜይል መላክ የሌለባቸውን አድራሻዎች በሚይዘው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ወጪውን ቋሚ አይፒ ባለው ኪራይ ሰርቨር በኩል ማሳለፍ ይሻላል። ቋሚ አይፒ ካላችሁ ገቢውን ቢሮ ውስጥ መቀበል ይቻላል፤ መብራት ለሰዓታት ቢጠፋ ላኪዎቹ ሰርቨሮች ቆይተው ይመለሳሉና የመብራቱ ጉዳይ ያን ያህል አያስጨንቅም። ኪራይ ሰርቨር ስትመርጡ ግን ወደ ውጭ የሚሄደው ፖርት 25 (ሰርቨር ለሰርቨር ኢሜይል የሚያቀብልበት በር) ክፍት መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ ኤስፒኤፍ። ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ አለው፦ አንዱ ፖስታው ላይ የተጻፈው፣ ሌላው ውስጡ ባለው ደብዳቤ ራስጌ ላይ የታተመው። ኤስፒኤፍ የሚመረምረው የፖስታውን፣ ማለትም ሪተርን ፓዝን ነው። እንግዳው የሚያየው ግን «ፍሮም» የሚለውን፣ የራስጌውን። ዲማርክ የሚጠይቀው ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱ እንዲያልፍና ያለፈበት ዶሜይን ከፍሮም ዶሜይን ጋር እንዲስማማ ነው። የድረ ገጹ ፎርም ኢሜይል ሲልክ ፖስታው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ድብልዩ ድብልዩ ድብልዩ ዳታ የሚለውን የሲስተም ተጠቃሚ ከማሽኑ ስም ጋር ነው። ስለዚህ ሪከርዱ የቱንም ያህል ቢያምር ኤስፒኤፍ የሚጠየቀው ስለ ሌላ ዶሜይን ነው። ፒኤችፒ ላይ የሜይል ተግባሩ አምስተኛው መስክ ላይ ሰረዝ ኤፍን አስከትሎ ትክክለኛውን አድራሻ መስጠት ይበቃል። ፎርሙ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በፖርት 587 በስምና በይለፍ ቃል ገብቶ ቢልክ ደግሞ የበለጠ ንጹሕ ነው።

ሪከርዱ ራሱ የሚበላሸው በጥቂት መንገድ ነው። በአንድ ዶሜይን ላይ ሁለት የኤስፒኤፍ ሪከርድ ካለ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም፤ ውጤቱ «ፐርምኤረር» ነው። ኢንክሉድ፣ ኤ፣ ኤምኤክስና የመሳሰሉት የዲኤንኤስ ጥያቄ ስለሚያስነሱ በአርኤፍሲ 7208 መሠረት ድምራቸው ከ10 ማለፍ አይችልም። በኢንክሉድ ውስጥ ያለው ኢንክሉድም ይቆጠራል። አይፒ4 እና አይፒ6 አይቆጠሩም፤ ስለዚህ አንድ ሰርቨር ብቻ ያለው ሰው አይፒውን በቀጥታ ጽፎ መገላገል ይችላል። ሰርቨሩ አይፒቪ6 አድራሻ ካለው ግን ተጠንቀቁ፤ ፖስትፊክስ ለጂሜይል በዚያ በኩል ሊልክ ይችላል፣ እናንተ የጻፋችሁት ደግሞ አይፒ4ን ብቻ ነው። ሪከርዱና ፒቲአሩ ለሁለቱም ካልተሟሉ «አይኔት_ፕሮቶኮልስ»ን ወደ አይፒቪ4 ብቻ መመለስ ያዋጣል።

የፖስታው አድራሻ ሲስተካከል ማረፊያው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ዋናው ጣጣ ግን ዲኪም ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሪተርን ፓዙ በተበላሸ ጊዜ ሁሉ ክብደቱን ብቻውን የተሸከመው እሱ ነበር።

ሄደሩ ላይ የዲኪም ውጤት ጭራሽ ከሌለ ሰርቨሩ አልፈረመም። ፈራሚው ፕሮግራም ኦፕንዲኪም የሚፈርመው «ኢንተርናል ሆስትስ» ውስጥ ላሉ አድራሻዎችና በይለፍ ቃል ለገቡ ብቻ ነው፤ ካልተነገረው የሚያውቀው 127.0.0.1ን ነው። ድረ ገጹ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ የዚያን ማሽን አይፒ ማስገባት ግድ ነው። የግል ቁልፉ ፋይል ባለቤት ኦፕንዲኪም፣ ፈቃዱም 600 ይሁን። ሌላ ሰው ሊያነበው ከቻለ ፕሮግራሙ ቁልፉን አልጠቀምም ይላል።

ፊርማው ኖሮ ቁልፉ ካልተገኘ ደግሞ ዲኤንኤሱን እዩ። የ2048 ቢት ቁልፍ የሕዝብ ክፍል ወደ 392 ቁምፊ ነው፤ በዲኤንኤስ የጽሑፍ ሪከርድ (ቲኤክስቲ) ውስጥ አንድ ሕብረቁምፊ ግን ከ255 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ በሁለት ጥቅስ ተከፍሎ በአንድ ሪከርድ ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንድ ፓነል ራሱ ይከፍለዋል፣ አንዳንዱ ጭራውን ቆርጦ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ከጻፋችሁት ስም ላይ ዶሜይኑን ራሱ ይጨምራል፤ «ሴሌክተር._ዶሜይንኪ.ምሳሌ.ኢቲ» ብላችሁ ስትሞሉ «ምሳሌ.ኢቲ» ሁለቴ ይደገማል። ዲኤንኤስን በሚጠይቀው የዲግ ትዕዛዝ ጠይቃችሁ የሚመጣውን ከፋይሉ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከዚያ «ኦፕንዲኪም-ቴስትኪ» የሚለውን አስኪዱ። «ኪ ኖት ሴኪዩር» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ዶሜይኑ ዲኤንኤስሴክ (የዲኤንኤስን መልስ በፊርማ የሚያረጋግጠው ዘዴ) የለውም ማለት ብቻ ነው። ቁልፉ ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ «ኪ ኦኬ» የሚለው መስመር ነው።

ሄደሩ «ቦዲ ሃሽ ዲድ ኖት ቬሪፋይ» ካለ (ጂሜይል ከፊቱ «ኒውትራል» ብሎ ይጽፈዋል) ቁልፉንና ዲኤንኤሱን ተዉት። ከተፈረመ በኋላ የደብዳቤው አካል ተቀይሯል። አማርኛ የሚለየው እዚህ ነው።

ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት። አራት ነጥቡም 3 ነው። የኤስኤምቲፒ ደንብ ደግሞ አንድ መስመር ከ998 ባይት እንዳይበልጥ ያዝዛል። በእንግሊዝኛ ይህ 998 ፊደል ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ አንቀጽ ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። በአማርኛ ግን 332 ፊደል ገደማ ላይ ያልቃል፤ ወደ 60 ቃል ማለት ነው። ፎርሙ አንቀጹን ሳይሰብር በጥሬው ሲልክ፣ ኦፕንዲኪም ሙሉውን መስመር አይቶ ይፈርማል። ቀጥሎ ፖስትፊክስ ወደ ጂሜይል ሲልክ መስመሩ መርዘሙን አይቶ 998ኛው ባይት ላይ ይቆርጠውና አዲስ መስመርና አንድ ክፍት ቦታ ያስገባል። ፊርማው በዚያች ቅጽበት ይፈርሳል። ፊርማው በ«ሪላክስድ» ስልት ቢሠራም አያድንም፤ ያ ስልት የሚታገሠው በመስመር ውስጥ ያለ የክፍት ቦታ ለውጥን እንጂ አዲስ መስመርን አይደለም። ምልክቱም በዓይን ይታያል። ቁርጡ በአንድ ፊደል ሦስት ባይቶች መካከል ሊያርፍ ስለሚችል፣ ረጅሙ አንቀጽ መሐል ላይ አንድ ፊደል ጠፍቶ በምትኩ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

«ኤስኤምቲፒ_ላይን_ሌንግዝ_ሊሚት»ን ወደ 0 አውርዶ ቁርጡን ማጥፋት ይቻላል፤ አናደርገውም። ደንብ የጣሰውን መስመር ተቀባዩ ሰርቨር ይቆርጠዋል ወይም ይመልሰዋል፣ እናንተም ወደ ጀመራችሁበት ትመለሳላችሁ። ትክክለኛው መፍትሔ አካሉ ከመፈረሙ በፊት በቤዝ64 ወይም በኮትድ ፕሪንተብል (ማንኛውንም ጽሑፍ በተራ የላቲን ቁምፊና በአጭር መስመር በሚጽፉ ሁለት ስልቶች) እንዲጠቀለል ማድረግ ነው። ለአማርኛ ቤዝ64 ይሻላል። አንድ ፊደል 4 ቁምፊ ይሆናል፣ መስመሩም በ76 ቁምፊ ይሰበራል፤ በኮትድ ፕሪንተብል ያው አንድ ፊደል 9 ቁምፊ ይወስዳል። ፒኤችፒሜይለር የሚባለውን የኢሜይል ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ «ቻርሴት»ን ዩቲኤፍ-8፣ «ኢንኮዲንግ»ን ቤዝ64 በሉት፣ አለቀ። ፖስትፊክስ 3.9 ወይም ከዚያ በላይ ካላችሁ «ፎርስ_ማይም_ኢንፑት_ኮንቨርዥን»ን «የስ» ማለት ይቻላል፤ ባለ 8 ቢት አካልን ከመፈረሙ በፊት ወደ ኮትድ ፕሪንተብል ይቀይራል። ይህ የሚሠራው ግን ፎርሙ የላከው ኢሜይል ባለ 8 ቢት መሆኑን በሄደሩ ከተናገረ ብቻ ነው። ሄደር የሌለውን ጥሬ ጽሑፍ ፖስትፊክስ አይገምትም።

ርእሱም እንዲሁ ጥሬ አማርኛ መሆን የለበትም። የሚጠቀለልበት አንዱ ክፍል ከ75 ቁምፊ አይበልጥም፤ ለአማርኛ በቤዝ64 ሲሠራ 15 ፊደል ይይዛል። ይህን ለላይብረሪው ተዉለት፤ በእጅ የተጻፈ ኮድ ፊደሉን ከመካከሉ ቆርጦ ርእሱን ያበላሻል።

ከእንግዲህ ሙከራ ስትልኩ «ሰላም» ብላችሁ አትላኩ። ከ400 ፊደል የሚበልጥ፣ ምንም የመስመር መስበሪያ የሌለው የአማርኛ አንቀጽ ከዚያው ፎርም ይላክ።

ሰዓትም ፊርማ ያፈርሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቆየ ማሽን፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ፣ በድሮ ቀን ይነሳል። ያኔ ሰው በእጁ ያስተካክላል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ብሎ 3:00 ሲያስገባ ሰርቨሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ፊርማው አጭር የማብቂያ ጊዜ ከተሰጠው ከመላኩ በፊት ያረጀ ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው ዞኑ ዩቲሲ ላይ እያለ 9:00 ቢገባ ሰርቨሩ 3 ሰዓት ወደፊት ይሮጣል፣ ተቀባዩም ገና ያልተፈረመ ፊርማ ያያል። ዞኑን አፍሪካ/አዲስ_አበባ አድርጉ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጫኑ፣ ባትሪውን ቀይሩ፤ በእጅ ሰዓት መሙላት ይቅር።

ዲማርክ የመጨረሻው ነው። በ«ፒ እኩል ነን» (ያላለፈውን ምንም አታድርጉት በሚለው) ጀምሩና ሪፖርት መቀበያውን በራሳችሁ ዶሜይን ሥር አድርጉት። የጂሜይል አድራሻ ብትሰጡ ደንቡን የሚከተሉ ላኪዎች አይልኩላችሁም፤ ተቀባዩ ዶሜይን በዲኤንኤሱ ፈቃድ መስጠት አለበትና። ሪፖርቱ ተጨምቆ የሚመጣ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ ቀኑ በዩቲሲ ሲቆጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያለውን ይሸፍናል፤ ከሎጋችሁ ጋር ስታስተያዩ ይህን አትርሱ። ከአንዱ የራሳችሁ አይፒ በአንድ ረድፍ ዲኪም አልፎ በሌላ ረድፍ ወድቆ ካያችሁ፣ የሚጠረጠረው ያ ረጅም መስመር ነው። ኤስፒኤፍ ስላለፈ ብቻ ችላ አትበሉት፤ እንግዳው ኢሜይሉን ወደ ሌላ ሳጥን የሚያስተላልፍ ቅንብር ካለው ኤስፒኤፍ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ የሚቀረው ዲኪም ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ለተከታታይ ሳምንታት ንጹሕ ሲሆን ወደ ኳራንቲን (ያላለፈው ስፓም ይግባ)፣ ቆይቶም ወደ ሪጀክት (ያላለፈው ይመለስ) ማለፍ ይቻላል። ከለውጡ ዋዜማ ቀደም ብላችሁ የሪከርዱን ቲቲኤል (ሌሎች ሰርቨሮች መልሱን ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ፤ የተሳሳተ ነገር ካለ በደቂቃዎች ትመልሱታላችሁ። ይህን ለውጥ ግን ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር 11 ባለው ጊዜ አታድርጉት። ለገናና ለጥምቀት ወደ ላሊበላና ጎንደር የሚሻገረው እንግዳ ባህር ዳር ላይ ክፍል የሚይዘው ያኔ ነው።