ትንሿ ቀስት

ዛሬ አንዲት ልጅ ራሷ የሳለችውን ማንጋ (በጃፓን ስልት በሥዕል የሚተረክ ኮሚክ) አሳየችኝ፣ 16 ገጽ ነው፣ ፎቶኮፒ ተደርጎ በስቴፕለር የተያዘ። እንደለመድኩት ከግራ ስገልጥ "ኧረ በዛ አይደለም፣ መጨረሻውን አየኸው እኮ!" ብላ ከእጄ ቀማችኝ። ለካ እንደ ጃፓኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው።

ከዛ ነው ቀስቷን ያየኋት። ሽፋኑ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተሳለች፣ ጫፏ ወደ ግራ የዞረ ሚጢጢ ቀስት። ኦሪጅናሉ ላይ ረስታት ስለነበር 30ውም ኮፒ ላይ አንድ በአንድ በእጇ ነው የሳለቻት፣ ሁለት ኮፒ አስተያየሁ፣ ቀስቶቹ አይመሳሰሉም። ታዲያ ለምን ገልብጠሽ ከግራ እንዲጀምር አታደርጊውም አልኳት።

"ሰይፉን በግራ እጁ ይይዛላ!"

እውነቷን ነው! ድሮ ማንጋ በእንግሊዝኛ ሲታተም ገጹን እንደ መስታወት ይገለብጡት ስለነበር ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ሁሉ ግራኝ ይሆን ነበር፣ ሳይገለበጥ ማሳተም የተለመደው ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ይቺ ልጅ ግን ማንም ሳይነግራት ለገጸ ባህሪዋ እጅ ተጨነቀች።

ቶኪዮ ላይ በእ.ኤ.አ. 1975 ኮሚኬት የሚባለው የአማተር ኮሚክ ገበያ ሲጀመር የተሳተፉት 32 ቡድኖች ብቻ ነበሩ፣ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍበታል። ያኔም ጠረጴዛው ላይ የነበረው እንዲህ በራስ እጅ የተሰራ መጽሔት ነው እኮ፣ እንደ ክላምፕ (የጃፓን የማንጋ ሰዓሊዎች ቡድን) ያሉ ትልልቅ ሰዓሊዎችም የወጡት ከዚሁ ዓለም ነው።

ሁለተኛውን ክፍል ጀምራለች። የመጀመሪያው ኮፒ የኔ ነው ብያታለሁ፣ ቀስቷንም እንዳታሳትማት፣ በእጇ እንድትስላት ለምኛታለሁ።