ኮርማውን ረስቼ አንድ ዓመት ያባከንኩበት የሽሪምፕ እርባታ

ቤቴ ውስጥ አሁን አራት አኳሪየም አለ፣ አሳ ግን አንድም የለም። ያለው ሽሪምፕ ነው፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ትልቁ ሦስት ሴንቲሜትር ቢሞላ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነው፣ ያበሻ ጓደኞቼ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ይበላል?" ነው፣ ቀጥሎ "ስንት ያወጣል?"። እማዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ መስታወቱን ጠጋ ብላ አየችና "ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር ቤትህ ታረባለህ?" ብላ አማተበች። እንደማልበላው ምዬ ተገዝቼ ነው የተረጋጋችው። የሚገርመው ግን እርባታዬን ያስተካከለችልኝ እሷ ናት፣ እመጣበታለሁ።

የጀመርኩት ከ4 ዓመት በፊት ነው። ማታ ማታ ስለምሰራ ቀን እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር፣ እና አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ቤት ቁጭ ብዬ ሽሪምፖቹን ሳይ ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፣ ፊት እግራቸውን እያፈራረቁ ቀኑን ሙሉ ይለቅማሉ፣ ለአፍታ አያርፉም። በሳምንቱ 10 ጋሎን ታንክ፣ ማለት 38 ሊትር ገደማ፣ ገዛሁና ውሃ ሞልቼ በነጋታው ቀይ ቼሪ የሚባለውን ሽሪምፕ 12 ጨመርኩበት። ስድስተኛው ቀን ላይ የቀረው አንድ ነበር። ሰባተኛው ቀን እሱም የለም።

ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። አዲስ ታንክ ውስጥ የምግብ ትርፍራፊውና ኩሳቸው አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ቀለል ወዳለው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባዶ ታንክ እያዩ መቀመጥ ነው። ሌላው ጉድ የቧንቧ ውሃው ነው። እኔ ያደግኩበት ቤት ውሃ በባልዲ ይቀዳና ያድራል፣ እዚህም እንደዛ አሳድሬ የጠራ መስሎኝ። ግን የኛ ሰፈር ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ በየዓመቱ ፀደይ ላይ ብቻ ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይሩታል። ክሎሪን ቢያድር ይበናል፣ ክሎራሚን ግን ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል። ማጥፊያ ጠብታውን ሳልጨምር አሁን አንዲት ብርጭቆ ውሃ አላስገባም።

ሁለተኛው ዙር ተሳካ። ስፖንጅ ፊልተር አደረግኩ (ጫጩቶቹን ስለማይስብ)፣ ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውሃ ውስጥ ተክል ሞላሁበት፣ አንድ ወር ተኩል ጠበቅኩ። ከገቡ በሁለት ወር ውስጥ አንዷ ሴት ጭራዋ ስር እንቁላል ተሸክማ አየኋት፣ ከ20 እስከ 30 የሚሆን እንቁላል እንደ ወይን ዘለላ ይዛ በትንንሽ እግሮቿ እያራገበች ትዞራለች። ሙቀቱ 23 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፣ ከዛ ልክ እንደናታቸው ሆነው፣ ሁለት ሚሊ ምናምን ሆነው ነው የሚወጡት፣ እንደ ባህሮቹ ሽሪምፖች እጭ ሆኖ መቆየት የለም። እኔ ያን ቀን ለሰው ሁሉ ደወልኩ። ማንም አልገባውም።

በዚህ ደስታ ሰክሬ ነው ትልቁን ስህተት የሰራሁት። ቀይ ብቻ ምን ያደርጋል ብዬ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ እያልኩ ሰበሰብኩና ሁሉንም አንድ ታንክ ውስጥ ከተትኩ። ለአራት ወር በጣም ያምር ነበር፣ እንደ መስቀል ወፍና አደይ ነበር የሚመስለው። ከዛ ልጆቹ አደጉ፣ ቡናማ። ልጅ ልጆቹም ቡናማ፣ አንዳንዱ ጭራሽ መስታወት የመሰለ ቀለም የለሽ። ያኔ ነው የተማርኩት፣ እነዚህ ሁሉ ቀለሞች አንድ ዝርያ ናቸው፣ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ ይባላል፣ ታይዋንና ቻይና ወንዝ ውስጥ ያለው ዱሩ ቡናማ ነገር ነው። ቀለሙን ያወጣው ሰው ነው፣ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ። እናም ስትቀላቅሏቸው የተደበቀው የአያት ቅድመ አያት መልክ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚ አንድ ቀለም አንድ ታንክ፣ በቃ። ቡናማዎቹን አልጣልኳቸውም፣ አንድ ልጅ ያለው ጎረቤቴ ወሰዳቸው፣ ደስ ብሎት ያሳድጋቸዋል። ወንዝ ውስጥ ግን እንዳትለቁ፣ በሰው እጅ የተለቀቁት ጀርመን ውስጥ ጊልባኽ በሚባል ከኃይል ማመንጫ በሚወጣ ውሃ የሚሞቅ ወንዝ ውስጥ ተራብተው ቀርተዋል።

ከዛ ቀዮቹ ላይ ብቻ ላተኩር ወሰንኩ። ቀዩ ደረጃ አለው፣ ከታች ቼሪ ነው፣ ቀዩ ነጠብጣብና ገላጣ የሆነው፣ ከሱ ከፍ ሲል ሳኩራ፣ ከዛ ፋየር ሬድ፣ ከሁሉ በላይ ፔይንትድ ፋየር ሬድ፣ እሱ እግሩ ድረስ ቀለም የተቀባ ነው የሚመስለው። የኔ ዓላማ ከቼሪ ተነስቼ ራሴ እዛ መድረስ ነበር፣ በ60 ዶላር ዝግጁውን መግዛት እየተቻለ፣ እልህ ነው። በጣም የቀሉትን ሴቶች እየመረጥኩ ወደ ሌላ ታንክ አዞርኩ፣ ልጆቻቸው ሲያድጉ ደግሞ እንደገና። አንድ ትውልድ ሦስት አራት ወር ስለሚፈጅ በዓመት ሦስት ዙር ደረስኩ። ለውጡ? ምንም ማለት ይቻላል። ከአስሩ ሁለቱ ያምራል፣ ስምንቱ እንደ ድሮው።

እማዬ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ቡና እያፈላች እኔ በመረብ ሳወጣ ስታይ ምን እንደምሰራ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ የሚያምሩትን እናቶች እየመረጥኩ ነው፣ ግን አልሻሻል አለኝ። ጀበናውን ሳትለቅ "ኮርማውስ?" አለችኝ። "ኮርማውን ማን መረጠው? አባቴ ካስር ወይፈን አንዱን ነበር ለኮርማ የሚያስቀረው፣ ሌላውን ቀጥቅጦ በሬ ያደርገዋል። አንተ ላሚቱን ስትመርጥ ትውላለህ።"

ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። ወንዶቹ ትንንሽና ገርጣ ያሉ ስለሆኑ አይኔ አይገባባቸውም፣ ማንኛውም ወንድ ከተመረጡት ሴቶች ጋር እንዲዋኝ ትቼው ነበር፣ የልጁ ግማሽ ከሱ መሆኑን ረስቼ። ሴቷ ቅርፊቷን በቀየረች ቁጥር ታንኩ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ እንደ ዕብድ እየዋኘ ይፈልጋታል፣ ማን እንደሚያገኛት አላውቅም። ያን ሳምንት ከምርጦቹ ታንክ ውስጥ ወንድ የተባለ ሁሉ አወጣሁና ሦስት ብቻ መለስኩ። ወንድ መለየት ቀላል ነው፣ ሆዱ ስር ቀጥ ያለ ነው፣ ሴቷ ሆዷ ጎበጥ ብሎ ወደታች ይወርዳል፣ ከጭንቅላቷ ኋላ ደግሞ እንደ ኮርቻ የተቀመጠ ቢጫ ነገር ይታያል፣ ገና ወደ ሆዷ ስር ያልወረደ እንቁላል ነው።

ወንድን ከሴት ጋር ማወዳደር ግን አይቻልም፣ ወንድን ከወንድ ነው። ገርጣ የሚመስል ወንድ ከወንዶቹ መሀል ምርጡ ሊሆን ይችላል። ሌላም ዘዴ አለ፣ ሽሪምፕ ጥቁር አሸዋ ላይ ሲሆን ይደምቃል፣ ነጭ ላይ ሲሆን ይገረጣል፣ እናም እኔ ጥቁር አሸዋ ላይ እያየሁ ነበር የምመርጠው፣ ሁሉም ቆንጆ ይመስላል። አሁን ነጭ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ለትንሽ ጊዜ አስቀምጣቸውና ነጩ ላይ ቀለሙን ያልለቀቀውን ነው የማስቀረው። እድሜያቸውም ሁለት ወር ሳይሞላ አልፈርድም፣ ስንቱን ጥሩ ልጅ ገና ሳያቀላ አስወጥቼዋለሁ መሰላችሁ። በዚህ አኳኋን ሁለት ትውልድ ሳይሞላ ልዩነቱ አይን የሚሞላ ሆነ።

ስለውሃ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚገድልበት ስለሆነ። ውሃ ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። እኔ ጎደለ ባልኩ ቁጥር የቧንቧ እየሞላሁ ቲዲኤሱ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን መጠን) ከ220 ተነስቶ 380 ደርሶ አገኘሁት፣ ከዛ ደንግጬ ግማሹን ውሃ በአንድ ቀን ቀየርኩ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሰባት ሞቱብኝ፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት ይዘው፣ ቅርፊታቸውን መቀየር ጀምረው መጨረስ ሳይችሉ። የገደላቸው ድንጋጤዬ ነው እንጂ ውሃው አይደለም። አሁን የተነነውን ማዕድኑ በወጣለት የተጣራ ውሃ ነው የምተካው፣ በሳምንት የምቀይረው ደግሞ ከአስር እጅ አንዱን ብቻ። መዳብ ያለበት የአሳ መድኃኒትም ቤቴ አይገባም፣ ለነሱ መርዝ ነው።

መሀል ላይ ወደ ክሪስታል ሬድ ዞሬ ነበር፣ ቀይና ነጭ ቀበቶ ያለው፣ ሌላ ዝርያ ነው። ታሪኩ ነው የሳበኝ፣ ሂሳያሱ ሱዙኪ የሚባል ጃፓናዊ በ1990ዎቹ ከጥቁር ሽሪምፖቹ መሀል ቀይ ብቅ ሲልበት ይዞ አራባው። ቀዩ ተሸናፊ ባህሪ ስለሆነ ከጥቁር ጋር ሲዳቀል ልጆቹ በሙሉ ጥቁር ይሆናሉ፣ እነሱ እርስ በርስ ሲዋለዱ ነው ከአራቱ አንዱ ቀይ የሚወጣው። ምን ያህል ትዕግስት እንደሚፈልግ አስቡት። የኔ ግን አልሆነም፣ ለስላሳ አሲዳማ ውሃ፣ ልዩ አፈር ይፈልጋል፣ ስምንት ገዝቼ ስምንቱም ሄዱ፣ ብሬን አቃጥዬ ተውኩት።

ምግብ ላይ አትጨናነቁ። ኦቾሎኒ የምታክል ቁራጭ ጎመን ፈላ ባለ ውሃ ነከር አድርጌ እጥልላቸዋለሁ። ከሁሉ የሚወዱት ግን ሳማ ነው፣ አዎ ያው የሚለበልበው ሳማ፣ ደርቆ። የሽፈራው ቅጠልም እንደዛው፣ ለሻይ ከገዛሁት ላይ ቆንጠር አድርጌ። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልጨረሱትን አወጣለሁ።

ባለፈው እሁድ ሳህኑን ዘርግቼ ወጣቶቹን ቆጠርኩ፣ 43 ነበሩ። 11 አስቀረሁ፣ ስምንት ሴት ሦስት ወንድ፣ አንዱ ወንድ እግሩ ድረስ ቀይ ነው፣ ይሄ ከጀመርኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። "አማን ነው? አይታመምብህ፣ ለብቻው አድርገው" ብላ መለሰች፣ እኔ ግን ከሴቶቹ ጋር አደረግኩት።