ያለ ፓምፕ 50 ኪሎ ሜትር
ዛሬ ደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ከኒም ከተማ በአውቶቡስ «ፖን ዱ ጋር» የሚባለውን የጥንት የውሃ ማሻገሪያ ድልድይ ላይ ሄጄ ዋልኩ፣ እግሬ አልቋል ግን ደስ ብሎኛል 😅 ቁመቱ 49 ሜትር ነው፣ ቅስት በቅስት ሶስት ፎቅ ተደራርቦ ጋርዶን ወንዝ ላይ ቆሟል፣ ሮማውያን በአንደኛው ክፍለ ዘመን የሰሩት። ታች ያሉት ግዙፍ ድንጋዮች መሀል ሲሚንቶ የለ ጭቃ የለ፣ ዝም ብሎ ተገጣጥሞ ነው። እኔን ግን የገረመኝ ውሃው ነው፣ ኡዜስ ካለው ምንጭ ኒም እስኪደርስ 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጠቅላላ ይወርድ የነበረው 12 ሜትር ምናምን ብቻ፣ ያውም ያለ ፓምፕ! (እኛ ቤት ሶስተኛ ፎቅ ለማድረስ ስንት ፓምፕ ተቃጥሏል።) ከግንቡ ወጣ ወጣ ያሉ ድንጋዮች አይቼ ያልተጨረሰ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የግንበኞቹ መወጣጫ እንጨት የሚያርፍባቸው ናቸው። ሰው ከስር ይዋኛል፣ እኔ እግሬን ብቻ ነከርኩ፣ በረዶ ነው ባካችሁ።