ቦዬ ላይ ውኃውን ማንበብ ስለማመድ

ጅማ ላላችሁ የወፍና የፎቶ ወዳጆች፣ ሰሞኑን ከቦዬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ቦዬ ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው መንገድ በኩል ያለው ረግረግና ኩሬ ነው። ከከተማ በባጃጅ ቶሎ ይደረሳል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በጉማሬው ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ዳር ዳሩን የያዘው ጨፌ ነው።

በዚህ ጥር የያዝኩት ልምምድ አንድ ነው፤ ካሜራውን ከቦርሳ ከማውጣቴ በፊት የውኃውን ጥልቀት አያለሁ። ወፍ ዝም ብሎ ያገኘው ቦታ አይቆምም። እግሩና ምንቃሩ የሚፈቅዱለት ቦታ ነው የሚውለው። ሳቢሳ እርጥቡ ሣር ላይ ከከብቶች እግር ሥር አይጠፋም። ከብቱ ሲራመድ የሚነሳውን ፌንጣ ይለቅማል። ጋጋኖ ዝቅ ብሎ ለስላሳው መሬት ላይ ቆልማማ ምንቃሩን እየሰካ ትል ይፈልጋል። ሽመላ ውኃው ውስጥ ገብቶ ንቅንቅ ሳይል ዓሣና እንቁራሪት ይጠብቃል። ጃካና የሚባለው ቡናማ ወፍ ደግሞ ጣቶቹ እጅግ ረጅም ናቸው። ክብደቱን ስለሚያከፋፍሉለት ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል።

ስለዚህ አሁን ሣሩ፣ ጭቃውና ውኃው የሚገናኙበትን ጠባብ ቦታ እመርጣለሁ። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሌንሴ 300 ሚሊሜትር ነው፤ ለወፍ አጭር የሚባል ነው። ግን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ወፎቹ ራሳቸው እየለቀሙ ይጠጋሉ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ይበቃኛል። ከዚያ በኋላ ከእርጥቡ መሬት የሚነሳው ሙቀት ሩቅ ያለውን ምስል ያርገበግበዋል፤ የትኛውም ሌንስ አያድነውም።

የቀኑ ትልቅ ደስታ ብላክ ክራውንድ ክሬን ነበር። ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል፣ ጉንጩ ላይ ነጭና ቀይ ያለው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ ወፍ ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ወፎች መካከል ተመዝግቧል። እኛ ግን ከቤታችን ብዙ ሳንርቅ እናየዋለን፤ ይህ እኮ ትልቅ ነገር ነው! ሲመገብ መሬቱን በእግሩ ይረግጣል። ነፍሳቱ ደንግጠው ሲወጡ ለቀም ያደርጋቸዋል። ይህን ለረጅም ጊዜ ሳይ ቆየሁና መቼ ቀና እንደሚል ገባኝ። ሁለት ሦስቴ ረግጦ፣ ለቅሞ፣ ከዚያ አካባቢውን ይቃኛል። ቀና ሲል አክሊሉ በጠዋቱ ፀሐይ ያበራል። መጫን ያኔ ነው።

ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ደግሞ ጥሩ ነገር ነገሩኝ። ባለ አክሊሎቹ ወፎች ቀን ቀን እህል የታጨደበት ማሳ ላይ ውለው ማታ ወደ ረግረጉ ይመለሳሉ አሉኝ። የክሬን ዘመዶች አብዛኞቹ ዛፍ ላይ አያርፉም። ባለ አክሊሎቹ ግን የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ጨብጠው ያድራሉ።

ስለ ካሜራው ባጭሩ ልበል። ለሚበር ወፍ የሻተሬን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/1600 ሰከንድ ዝግ አላደርገውም። ሳቢሳ ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን ትንሽ ቀነስ አደርጋለሁ፤ አለዚያ ላባው ጠፍቶ ነጭ ጨርቅ ይመስላል። ጋጋኖ ሰማይ ላይ ሲያልፍ ጥቁር ጥላ ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ጨመር አደርጋለሁ። ክንፉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት በደንብ የሚታየው ሲበር ነው። ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው። ጩኸቱን ስለለመድነው ብቻ ቀና ብለን ሳናየው እናልፋለን።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በረግረጉ ዳርቻ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ለጡብ አፈር ይቆፈራል፣ ቦይ ተቀዶ ይታረሳል። ውኃው ሲሸሽ መጀመሪያ የሚደርቀው ያ ስስ ውኃና ጭቃ ነው። ኩሬው መሐሉ ላይ ውኃ ስላለው ደህና ይመስላል። ጋጋኖውና ባለ አክሊሉ የሚበሉበት ዳር ግን ከሄደ እነሱም ይሄዳሉ። ፎቶዎቼን ከቀንና ከቦታው ጋር ኢበርድ በሚባለው ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ የጀመርኩት ለዚህ ነው። እናንተም ብትመዘግቡ የየትኛው ዳር ወፍ እንደቀነሰ ከዓመት ዓመት ማየት ይቻላል።

ቀጥሎ ያሰብኩት ባለ አክሊሎቹ ማታ ሲመለሱ መጠበቅ ነው። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቦታ ለመያዝ የሚፈልግ ካለ አብረን እንሂድ። ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውኃ ስለሚወጣ፣ ፎቶው ቢያምርም ባያምርም ሳይጨልም ከዳርቻው እንነሳለን።