ቲምፓኒ ተሸክሞ መሰለፍ

ዛሬ ማታ ልጄን ይዤ እዚህ አሜሪካ የድራም ኮር (ሜዳ ላይ እየተሰለፉ ጥሩምባና ከበሮ የሚጫወቱ ወጣቶች ቡድን) ትርኢት አይተን ገባን። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል፤ ደስታው ግን አልለቀቀኝም።

አጠገባችን የተቀመጡት አዛውንት በወጣትነታቸው፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ቲምፓኒ (በኖታ የሚቃኝ ትልቅ ከበሮ) መቺ ነበሩ። ያኔ ያ ሁሉ ከበሮ መሬት አይቀመጥም ነበር። አራት አምስት ልጆች አንድ አንድ ቲምፓኒ በትከሻቸው ተሸክመው እየተሰለፉ፣ አንዱን ዜማ ተካፍለው ይመቱታል። እያንዳንዱ የራሱን ኖታ ጠብቆ! ሜዳው ፊት ለፊት አስቀምጦ መምታት የተፈቀደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጉልበታቸውን እያሻሹ ሲነግሩኝ ልቤ ተነካ።

ጥሩምባውም ከወታደር ቤት የመጣ፣ በጂ (G) ቃና የተቃኘ ነበር፤ ከ2000 ወዲህ በሌላ ቃና የተቃኘም ተፈቀደ። በ2004 ማይክራፎን፣ በ2009 ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ) ገባ። ክላሪኔትና ሳክስፎን ግን ዛሬም የሉም።

ስለ ማይክራፎኑ እኔ ደጋፊ ነኝ። ድሮ ማሪምባ (በመምቻ የሚመቱ የእንጨት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) መቺዎች ድምፃቸው ስታዲየሙ ጫፍ እንዲደርስ በጠንካራ መምቻ በኃይል ይደበድቡት ነበር፤ ዛሬ ግን ለስላሳውን ምት ከላይኛው ወንበር ሆኜ ሰማሁት። ከስፒከር የሚወጣው ባስ ግን ከበደኝ። ቱባ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ጥሩምባ) የተሸከሙት ልጆች ላባቸው እየፈሰሰ የሚነፉትን ይውጥባቸዋል፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

አዛውንቱ ግን ሁሉንም ቡድን ቆመው ነው ያጨበጨቡት። ልጄ ስንወጣ «ቲምፓኒው ስንት ኪሎ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጫን አድርገው አሳዩዋት።