ለአንድ ልጅ የሚታተም ኪኒን፦ ሥራው ሊጡ ላይ ነው

ሐኪሙ ለሕፃኑ 3 ሚሊግራም አዘዘ እንበል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ግን ባለ 25 ሚሊግራም ኪኒን ነው። በምላጭ ስምንት ቦታ መክፈል ግምት ነው፤ አንዱ ቁራሽ ይተልቃል፣ ሌላው ይፈረፈራል። ስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ዕቃን ድርብ በድርብ እየደረደረ የሚሠራው ማሽን፣ ለባሕር ዳር ሆስፒታል ፋርማሲዎች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን።

አሜሪካ በ2015 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው የመጀመሪያው የታተመ ኪኒን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ስፕሪታም፣ ዱቄት ላይ ፈሳሽ በሚረጭ የፋብሪካ መሣሪያ የሚሠራ ነው። ለፋርማሲ የሚቀለው መድኃኒት ያለበትን ሊጥ በሲሪንጅ የሚገፋው ፕሪንተር ነው። ፕላስቲክ የሚያቀልጠው ዓይነት ሙቀት የማይችለውን መድኃኒት ያበላሻል።

ለ10 ግራም ደረቅ ዱቄት 0.2 ግራም መድኃኒት ይገባል፤ ቀሪው ላክቶስ (የወተት ስኳር)፣ ማያያዣና ኪኒኑን ሆድ ውስጥ የሚበትን ዱቄት ነው። መድኃኒቱን በአንዴ ሁሉም ላይ መነስነስ ትልቁ ስህተት ነው፤ አንዱ ኪኒን ባዶ፣ ሌላው እጥፍ ይሆናል። በሙቀጫ መጀመሪያ ከራሱ ክብደት ጋር እኩል ከሆነ ላክቶስ ጋር ይታሽ፤ ከዚያ በየጊዜው የድብልቁን ያህል ይጨመር። በደቃቅ ወንፊት ተነፍቶ በ10 ግራም ውኃ ይቦካል። እንግዲህ 300 ሚሊግራም እርጥብ ሊጥ ሲደርቅ 150 ይመዝናል፤ ውስጡ 3 ሚሊግራም መድኃኒት አለ። ልጁ አድጎ 4 ቢታዘዝለት የደረቀው ክብደት 200 ይሆናል እንጂ ቀመሩ አይነካም።

ከማተም በፊት በ0.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ አንድ ክር አውጡ። ክሩ ከተንጣለለ ሊጡ ቀጥኗል፤ ከተቆራረጠ ወፍሯል፤ ቱፍ ብሎ ከዘለለ አየር ይዟል። መብራት ሲሄድ ጫፉ ላይ ያለው ሊጥ ይደርቃል፤ ግማሽ የታተመው ይጣል እንጂ አይቀጠል። ክረምት ላይ የጣና ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ማድረቁን በሰዓት አትለኩ፤ ሁለት ተከታታይ ሚዛን እኩል እስኪሆን ጠብቁ።

የአውሮፓ ፋርማኮፒያ፣ ማለትም የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ፣ በዚህ ክብደት ከአማካዩ 7.5 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል፤ አማካዩ 150 ከሆነ ከ139 እስከ 161 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ክብደቱ መስተካከሉ ግን መድኃኒቱ ውስጡ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይደለም፤ ከየቡኮው ናሙና ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ቀስ እያለ የሚለቀቅ ወይም አንጀት እስኪደርስ የተሸፈነ ኪኒን ተፈጭቶ አይታተምም።

ስትሮክ መዋጥ ለከለከለው ሰው ምግብም በዚሁ መንገድ ይታተማል። የተቀቀለ ቆሮሶ ዓሣ አጥንቱ አንድ በአንድ ተለቅሞ ይፈጫል፣ በወንፊት ያልፋል፣ በ2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይወጣል። ማንኪያው ሲዘነበል ሳይጣበቅ በአንዴ መውደቅ አለበት፤ ከተንጠባጠበ ትን ሊያስብለው ይችላል። የምግቡ ሲሪንጅ ለመድኃኒት ፈጽሞ አይውልም።