ናርጋ ሳንደርስ ሞተሩ ሞቀ

ናርጋ ሥላሴ የሚሄድ ሰው ከባሕር ዳር በጠዋት መነሣት አለበት። ጣና ጠዋት ላይ ረጭ ይላል። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ግን ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ናርጋ ያለው ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ በጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ካፒቴኑ፣ ረዳቱ፣ እኔና ከጎንደር የመጡ ባልና ሚስት ተሳላሚዎች ሆነን ተነሣን። ከጀልባዋ ኋላ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ተሰክቷል። ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚሰጠው፣ የድሮው ዓይነት ነው።

ክብራን ገብርኤልን አለፍን። እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ከተማ ይመጣሉ። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ቀዛፊው ሐይቁ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። የዘጌን ጫፍ ስንጠጋ ረዳቱ ድንገት ጮኸ።

«ካፒቴን፣ ውሃው ቀጠነ!»

ለመኪና ሰው ይሄ ነገር ግር ይላል። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም። ሐይቁን ራሱን ነው የሚጠጣው። ውሃ ውስጥ በሚገባው እግሩ ላይ ወንፊት አለ። ከወንፊቱ በላይ ያለች የጎማ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ትገፋለች፤ ውሃው ሲሊንደሮቹን ዞሮ ይወጣል። ከዚያ ላይ ትንሹ በቀጭን ቀዳዳ ወደ ጎን ይፈናጠራል። ረዳቱ መንገዱን ሙሉ አንገቱን አዙሮ የሚያየው ያንን ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ የጠላ መስሎኝ ነበር።

ወዲያው የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሳያቋርጥ ጮኸ። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋው።

ባልየው ጆግ አንሥተው ውሃ ሊቀዱ ጎንበስ አሉ። «ትንሽ እናፍስበትና ይብረድ!»

«ኧረ አባቴ ይተዉ! የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል» አለ ካፒቴኑ።

የሞተሩን እግር ወደ ላይ አነሡት። ወንፊቱ ላይ የተቀደደ ፌስታል ተለጥፏል፤ የእምቦጭ ሥርም ተጠምጥሞበታል። እምቦጭ ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ፌስታሉን ግን የምናመጣው እኛው ነን። ረዳቱ ሁለቱንም መንጭቆ አወጣ። ተገኘ ብለን ደስ አለን።

ካፒቴኑ ግን ፊቱ አልፈታም። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና አስነሣው። ውሃው ወጣ፤ ግን ጉልበት የለውም። በቀጭን ሽቦ ቀዳዳውን ጎረጎረ። አንዳንዴ ቀዳዳው ብቻ ይደፈናል፤ ውሃው ጠፋ ተብሎ ሰው ይደነግጣል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው። እዚህ ጋ ለውጥ የለም። ኮፈኑን ከፍቶ ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን ላይ በጣቱ አንድ ጠብታ ውሃ ጣለ። ጭስ ብላ ጠፋች። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቢሆንም በደህና ጊዜ ሞተሩ ለዚያ የሚቀርብ ሙቀት የለውም።

በዝግታ ወደ ዘጌ አመራን። በቀስታ ሲሄድ ድምፁ የለም፤ ቤንዚን ሲጨመርለት ይጮኻል። ካፒቴኑ ነገሩን የለየው እዚህ ላይ ነው። «ውሃ ይደርሰዋል፤ አይበቃውም እንጂ» አለኝ።

ባልና ሚስቱ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ በቡናው ጫካ ወጡ። እኔ ከሞተሩ ጋር ቀረሁ። መጀመሪያ ቴርሞስታቱ ተፈታ። ይህች ቁራጭ ውሃው ሲሞቅ ተከፍታ ታሳልፋለች፤ ተዘግታ ከቀረች ፓምፑ ቢለፋም ዋጋ የለውም። ለመሞከር የፈላ ውሃ ያስፈልጋል። ወደቡ ላይ ቡና የሚያፈሉ እናት ነበሩ።

«እማማ፣ ይቺን የፈላ ውሃ ውስጥ ብንከታት?» አለ ካፒቴኑ።

«ጀበናዬን እንዳትነካት!» ብለው ጣሳ ወረወሩለት። ውሃው ሲሞቅ ቴርሞስታቷ ቀስ ብላ ተከፈተች። እሷ ነፃ ወጣች።

ቀጥሎ የሞተሩ እግር ወረደ። ብሎኖቹ ዝገት ስለያዛቸው አስለፉን። የፓምፑ ክዳን ሲከፈት ጎማዋ ታየች፤ በአደይ አበባ ቅርጽ የተሠራች ናት። ቅጠሎቿ ወደ አንድ ወገን ተጣመው ደርቀዋል፣ ጫፋቸው ተበልቷል፤ አንዱማ ጭራሽ የለም። የምትሽከረከርበት የብረት ቤትም ውስጡ ተጫጭሯል። ካፒቴኑ ጣቱን አስገብቶ ጠረገና አሳየኝ፤ ደለል ነው። ርብና ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ ክረምት ክረምት ጣና ውስጥ የሚያፈሱት አፈር ሞተሩ ውስጥም ገብቶ ጎማ ይሞርዳል።

መለዋወጫ በሳጥኑ ውስጥ ነበረው። ቶሎ ገጥሞ እንሄዳለን ስል «የጠፋው ቅጠል የት ሄደ?» አለ። ወደ ላይ የሚወጣውን ቱቦ በሽቦ ፈትሾ፣ ነፍቶ፣ መታ መታ አድርጎ በመጨረሻ ጥቁሯን ቁራጭ አወጣት። ትቷት ቢገጥም አዲሷ ጎማም ውሃ አታሳልፍም ነበር፤ ደግሞ ሐይቁ መሃል እንጮህ ነበር። አዲሷን በሳሙና ውሃ አለስልሶ፣ ዘንጉን በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞረ አስገባት። በግልባጭ ከገባች ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ ቅጠሎቿ ሊሰበሩ ይችላሉ አለኝ። ሞተሩ ሲነሣ ውሃው ወደ ጎን ራቅ ብሎ ተፈናጠረ። እጄን ሰደድኩበት፤ ለብ ያለ ነው።

ባልና ሚስቱ ሲመለሱ ንፋሱ ተነሥቶ ነበር። ካፒቴኑ ሐይቁን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። ናርጋ የገባነው በማግስቱ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ራሳቸው እቴጌይቱ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕሉን አይቼ ወደ ጀልባው ስወርድ ካፒቴኑ ስለ ክፍያ አነሣብኝ።

«ጋሼ፣ የጎማዋን ነገርስ? ግማሽ ግማሽ ብንልስ?»

ሳቅሁና ከፈልኩት። ረዳቱ አልሳቀም፤ ገና ከወደቡ ሳንርቅ አንገቱን አዙሮ ውሃውን ማየት ጀምሯል።